ውሉ የጠፋ ልቃቂት

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ጀርመናዊት ሴት፣ ስለ አንድ ሐኪምና ብርጭቆ ላይ ተለጥፈው ስለቆዩ ስስ የአንጎል ቅርፊቶች ነው። ነገሩ የሕክምና ታሪክ ይመስላል፤ ነውም። ወደዚህ ታሪክ የመራኝ ግን ሕክምና ሳይሆን አያቴ ናት። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።)

ሁላችንም «እምዬ» የምንላት አያቴ ደብረ ብርሃን አጠገብ በምትገኝ መንደር ጥጥ ስትፈትል የኖረች ሴት ነበረች። በመጨረሻዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የጠፋባት የቀኑ ስም ነው። ቀጥሎ የጎረቤት ስም ጠፋ፤ ከዚያም የልጆቿ። አንድ የፋሲካ ሰሞን ልጠይቃት ሄጄ ደጃፏ ላይ ስቆም፣ ከመደቧ ለመነሣት እየታገለች «ይግቡ፣ ይግቡ፤ እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?» አለችኝ። ከተወለድሁ ጀምሮ «አንተ» ስትለኝ የኖረች አያት «እርስዎ» ስትል ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም። መርዶዬ የመጣው በአክብሮት ቃል ነበር። እኔም ማዘን ሲገባኝ ተቆጣሁ። «እምዬ፣ እኔ እኮ ነኝ! እንዴት ትረሺኛለሽ?» ብዬ ጮኽሁባት። እርሷም ደንግጣ አቀረቀረችና እንዝርቷን አነሣች።

ጎረቤቶች «ጃጅታለች፤ እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል» አሉ። ጠበል የመከሩም ነበሩ። እኔ ከሁሉም የተሻለ ያወቅሁ መስሎኝ ዝም አልሁ፤ ነገር ግን ምንም አላውቅም ነበር። ማንበብ የጀመርሁት እርሷን ከቀበርን በኋላ ነው።

ንባቤ መጀመሪያ ያደረሰኝ ፍራንክፈርት ከተማ ነው። ኅዳር 25 ቀን 1901 አንድ የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የ51 ዓመት ሚስቱን አውጉስተ ዴተርን የከተማው የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ውስጥ አስገባ። ሴትዮዋ ባሏን ያለ ምክንያት መቅናት ጀምራ ነበር፤ ዕቃ ትደብቃለች፣ ወጥ ማብሰል ያቅታታል፣ በገዛ ቤቷ ውስጥ መንገድ ይጠፋባታል። በማግስቱ አሎይስ አልዛይመር የተባለ የ37 ዓመት ሐኪም አጠገቧ ተቀምጦ ጥያቄና መልሱን ቃል በቃል መጻፍ ጀመረ።

ስሟን ሲጠይቃት «አውጉስተ» አለች። የቤተሰብ ስሟን ሲጠይቃትም «አውጉስተ» አለች። የባሏን ስም ሲጠይቃት ጥቂት አመንትታ «አውጉስተ ይመስለኛል» አለች። ምሳ ላይ የአሳማ ሥጋና አበባ ጎመን እየበላች ሳለ ምን እንደምትበላ ቢጠይቃት ስፒናች ነው ብላ መለሰች። ስሟን እንድትጽፍ ወረቀት ሲሰጣት «ወይዘሮ» የሚለውን ጻፈችና ቀሪው ጠፋባት። በእነዚያ ቀናትም እስከ ዛሬ የሚጠቀስላትን ቃል ተናገረች፤ «ራሴን አጣሁ» ነበር ያለችው።

እኔን ያቆመኝ ይህ ገጽ ነው። አልዛይመር እንደ እኔ አልጮኸም፤ ጻፈ። የተሳሳተውን መልስ ሳያርም እንደ ወረደ አሰፈረው። ከታሪኩ ሁሉ ለእኔ ታላቁ ድርጊት ምናልባት ይኸው ነው፤ ሆኖም ዓለም አልዛይመርን የሚያስታውሰው በሌላ ሥራው ስለሆነ ወደዚያው ልለፍ።

በዚያ ዘመን የነርቭን ሕዋስ ማየት ራሱ አዲስ ጥበብ ነበር። ሕዋሱ ቀለም የለውም፤ ቅርንጫፎቹም እንደ ጥቅጥቅ ጫካ እርስ በርስ የተወሳሰቡ ናቸው። በ1873 ካሚሎ ጎልጂ የተባለው ጣሊያናዊ የአንጎልን ቅርፊት በብር ጨው ቢነክረው፣ ከብዙዎቹ ሕዋሳት መካከል ጥቂቶቹ ብቻ ከነሙሉ ቅርንጫፋቸው ጠቁረው ታዩ። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ዘዴውን ወስዶ አሻሻለውና፣ አንጎል አንድ ወጥ መረብ ሳይሆን ራሳቸውን የቻሉ ሕዋሳት ማኅበር መሆኑን አሳየ። ጎልጂ ግን ይህን አልተቀበለም። ሁለቱ በ1906 የኖቤል ሽልማትን በጋራ ሲቀበሉ፣ ጎልጂ እዚያው ስቶክሆልም ላይ የሸሪኩን ሐሳብ የሚነቅፍ ንግግር አደረገ። ጀርመን ውስጥ ደግሞ የአልዛይመር ወዳጅ ፍራንዝ ኒስል የሕዋሱን አካል የሚያጎላ ቀለም አገኘ። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይም ማክስ ቢልሾፍስኪ በብር እየነከረ በሕዋሱ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ክሮች የሚያሳይ ዘዴ ፈለሰፈ። አልዛይመር በእነዚህ ሰዎች ዘመን መኖሩ ዕድለኛ አድርጎታል።

በ1903 አልዛይመር ፍራንክፈርትን ለቆ ጥቂት ሃይድልበርግ ከቆየ በኋላ፣ በታላቁ ሐኪም በኤሚል ክሬፔሊን ሥር ለመሥራት ወደ ሙኒክ ሄደ። አውጉስተ ግን እዚያው ቀረች። ሐኪሟ ከሩቅም ሆኖ ስለ እርሷ መጠየቁን አልተወም። እርሷ ቃል አጣች፤ ከአልጋ ዋለች፤ በመጨረሻም ሚያዝያ 8 ቀን 1906 በመኝታ ቁስል በተነሣ የደም መመረዝ አረፈች። ዕድሜዋ 55 ነበር። የፍራንክፈርቱ ተቋም ኃላፊ ኤሚል ዚዮሊ የሕክምና ማህደሯንና አንጎሏን ወደ ሙኒክ ላከ።

አልዛይመር ያየውን በዚያው ዓመት ኅዳር 3 ቀን ቱቢንገን ላይ ለተሰበሰቡ ሐኪሞች ተናገረ። አንጎሏ በጠቅላላው ሟሽሿል። በሕዋሳቱ መካከል በየስፍራው የማይታወቅ ነገር ተከማችቶ እንደ ጠጠር ተበትኗል። ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ግን በሕዋሳቱ ውስጥ የታየው ለውጥ ነበር። መጀመሪያ አንድ ወይም ጥቂት ክሮች ከመጠን በላይ ይወፍራሉ። ቀጥሎ ብዙዎቹ ተጠጋግተው ወፍራም ጥቅል ይሆናሉ። በመጨረሻም የሕዋሱ አስኳልና አካል ሁሉ ይፈርስና፣ ቀድሞ ሕዋስ በነበረበት ስፍራ የተጠላለፈ የክር ጥቅል ብቻውን ይቀራል። በአውጉስተ የአንጎል ገጽ ላይ ከሕዋሳቱ ሩብ እስከ ሲሶ የሚሆኑት እንዲህ ሆነው ነበር።

ይህን ሳነብ በልጅነቴ የማውቀው ነገር ትዝ አለኝ። እምዬ ከፈተለችው ልቃቂት መካከል አንዱ ውሉ ከጠፋ «ውሉን ፈልጉልኝ» እያለች ለእኛ ለልጆቹ ትሰጠን ነበር፤ እኛም ስንጎትተው ይብስ እናጠላልፈው ነበር። በእርሷም ራስ ውስጥ ሕዋስ ከሕዋስ በኋላ ውሉ እየጠፋ ነበር፤ እኔም ያን ቀን በጩኸቴ መጎተቴ ነበር።

ቱቢንገን ላይ ንግግሩ ሲያበቃ አንድም ጠያቂ አልተነሣም። ሰብሳቢው ወደ ሚቀጥለው ተናጋሪ አለፈ። በ1907 አጭሩ ጽሑፍ ታተመ። በ1910 ክሬፔሊን በመማሪያ መጽሐፉ ስምንተኛ እትም ሕመሙን «የአልዛይመር በሽታ» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ከዚህ ስም ጥላ ሥር የተረሱ ሰዎች አሉ፤ ስለ መርሳት በሚወራ ታሪክ ውስጥ እነርሱን መርሳት ደግሞ ነውር ነው። በ1907 ፕራግ ውስጥ ኦስካር ፊሸር የ16 ጃጅተው የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምሮ በ12ቱ ላይ ያንኑ ጠጠር መሰል ክምችት አግኝቶ ነበር። ፊሸር ከአይሁድ ወገን ስለነበር በ1942 ናዚዎች ባሰሩት በቴሬዚን ሞተ፤ ስሙም ለረጅም ዘመን ከመጻሕፍት ጠፋ። ሌላው የአፍሪካ ልጅ ነው። ሰለሞን ካርተር ፉለር በ1872 ሞንሮቪያ፣ ላይቤሪያ ተወለደ፤ አያቱ አሜሪካ ውስጥ ነፃነታቸውን በገንዘብ ገዝተው ወደ አፍሪካ የተሻገሩ የቀድሞ ባሪያ ነበሩ። ቦስተን ሕክምና ተምሮ በ1904 ሙኒክ ሄደና በአልዛይመር ላቦራቶሪ ሠራ። ወደ ማሳቹሴትስ ተመልሶም በ1912 እስከዚያ የታወቁትን የሕመምተኞች ታሪክ ሰብስቦ የራሱን ምርመራ ጨምሮ በእንግሊዝኛ አሳተመ። አሜሪካ ይህን በሽታ ያወቀችው በአብዛኛው በዚህ ጥቁር ሐኪም ብዕር ነው።

በዚያው በ1912 ደግሞ በአልዛይመር ላቦራቶሪ የሠራ ፍሪትዝ ሌዊ የተባለ ወጣት፣ በፓርኪንሰን በሽታ በሞቱ ሰዎች የነርቭ ሕዋስ ውስጥ ክብ ክብ ጥራጊዎችን አየ። በ1919 ፓሪስ ውስጥ ኮንስታንቲን ትሬቲያኮፍ እነዚያኑ እንቅስቃሴን በሚያግዘው ጥቁር የአንጎል ክፍል ውስጥ አግኝቶ «የሌዊ አካላት» ብሎ ጠራቸው። እንግዲህ እጅ የሚያንቀጠቅጠውም ስም የሚያስረሳውም ሕመም በሕዋሱ ውስጥ የየራሱን አሻራ እንደሚተው ታወቀ።

አልዛይመር ራሱ ታኅሣሥ 19 ቀን 1915 ብሬስላው (የዛሬዋ የፖላንድ ከተማ ቭሮትስዋፍ) ውስጥ አረፈ። ዕድሜው 51 ነበር፤ አውጉስተ ወደ ተቋሙ ስትገባ በነበራት ዕድሜ መሆኑ ነው። ፍራንክፈርት ከሚስቱ መቃብር አጠገብ ተቀበረ።

ከዚህ በኋላ ለግማሽ ምእተ ዓመት ያህል አንድ ስሕተት ነገሠ። «የአልዛይመር በሽታ» የሚባለው ገና ሳያረጁ የሚጃጁትን ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚመለከት ብርቅ ሕመም ተደርጎ ተቆጠረ። በሰባና በሰማንያ ዓመቱ የሚረሳ ግን ያው አርጅቷል፤ የደም ሥሩ ጠንድዷል ተባለ። በ1968 ኒውካስል ውስጥ ብሌስድ፣ ቶምሊንሰንና ሮዝ የአረጋውያንን አንጎል ቆጥረውና መዝነው በዚያ ያገኙት ያንኑ የአውጉስተን ጠጠርና ጥልፍልፍ ነበር። በ1976 አሜሪካዊው ሮበርት ካትዝማን ሁለቱ አንድ በሽታ መሆናቸውንና ይህም ከታላላቆቹ ገዳዮች አንዱ መሆኑን ጻፈ። የመንደራችን ሰዎች «እርጅና ነው» በማለታቸው አፍሬ ነበር፤ ለካ የአውሮፓና የአሜሪካ ሐኪሞችም እስከ ትናንት ድረስ ይሉ የነበረው ያንኑ ነው።

ክሮቹ ከምን እንደተሠሩ ለማወቅ ደግሞ የሌላ ዘመን ዓይን ያስፈልግ ነበር። በ1963 ለንደን ውስጥ ማይክል ኪድ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ደግሞ ሮበርት ቴሪ ጥልፍልፉን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት። ኪድ ሁለት ቀጫጭን ክሮች እንደ ገመድ እርስ በርስ ተጠማዘው መኖራቸውን ገለጠ። በ1975 ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማርክ ኪርሽነርና ባልደረቦቹ በሕዋስ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ቧንቧዎች የሚያቆም ፕሮቲን አግኝተው በግሪኩ ፊደል «ታው» አሉት። የእኛም «ተ» የግእዝ ስሙ «ታው» ነው፤ ሁለቱ ፊደላት የአንድ ጥንታዊ የሴም ፊደል ልጆች ናቸው። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ የጥልፍልፉ ክር ይኸው ታው መሆኑ ታወቀ።

ነገሩን በቤታችን ምሳሌ ልግለጠው። የነርቭ ሕዋስ ከሌላው ሕዋስ የሚለየው በርዝመቱ ነው፤ ከወገብ ተነሥቶ እስከ እግር የሚዘልቀው ቅርንጫፍ ወደ አንድ ሜትር ይደርሳል። ለሩቁ ጫፍ የሚያስፈልገው አብዛኛው ስንቅ በሕዋሱ አካል ይሰናዳና በእነዚያ ቧንቧዎች ላይ ይጓዛል፤ ኃይል አመንጪዎቹ ሚቶኮንድሪያም፣ መልእክት የያዙት ከረጢቶችም በዚያው መንገድ ይሄዳሉ። ታው የመንገዱ ማሰሪያ ነው፤ ጭቃ ቤት ሲሠራ ማገሩን ከእንጨቱ ጋር የሚያስረውን ልጥ ይመስላል። በበሽታው ጊዜ ታው ላይ ፎስፌት የሚባለው ኬሚካል ከልክ በላይ ይለጠፍበታል፤ ያን ጊዜ ልጡ ከማገሩ ይለቅና እርስ በርሱ ይጠላለፋል። መንገዱ ይላላል፤ ስንቁ ይሰናከላል። ሕዋስ ከሕዋስ የሚነጋገርበት መገናኛ ገና አካሉ ሳይሞት ይደርቃል። ያ ቴሪ በ1991 ከባልደረቦቹ ጋር እንዳሳየው፣ ከመርሳት ጋር ከሁሉ ይልቅ የሚሄደው የእነዚህ መገናኛዎች መጥፋት ነው።

ከሕዋሱ ውጭ ያለው ጠጠር ደግሞ ቤታ አሚሎይድ የሚባል የፕሮቲን ቁራጭ ነው። በ1984 ከአንጎል የደም ሥሮች ለይቶ ማንነቱን ያወቀው ጆርጅ ግሌነር ነበር። ግሌነር በ1995 ሲሞት የገደለው ሕመም በሌላ ዓይነት አሚሎይድ ክምችት የሚመጣ ነበር። በ1997 የሌዊ አካላት አልፋ ሲኑክሊን ከተባለ ፕሮቲን መሠራታቸው ተገለጠ። በ2017 ደግሞ ካምብሪጅ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች በበሽታው ከሞተች አንዲት የ74 ዓመት ሴት አንጎል የወጣውን የታው ክር እስከ አቶሞቹ አሰላለፍ ድረስ አዩት። ከአንዲት ሴት ወደ ሌላዪቱ ሴት አንጎል የተደረገው ጉዞ 111 ዓመት ፈጀ።

የአውጉስተ ማህደርስ? በታኅሣሥ 1995 ኮንራድ ማውረርና ባልደረቦቹ ፍራንክፈርት የሚገኘው ሆስፒታል መዝገብ ቤት ውስጥ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ማህደር አገኙ፤ ያ ሁሉ ጥያቄና መልስ፣ ያ «ወይዘሮ» ብሎ የቆመ ጽሑፍ፣ ፎቶግራፏም በውስጡ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሙኒክ ውስጥ ማኑኤል ግሬበርና ባልደረቦቹ ከሁለት መቶ በላይ የሆኑትን የአንጎሏን ስላይዶች አገኙ። ዛሬም ብርጭቆው ላይ ጥልፍልፉ ይታያል። ቃሏ በአንድ ከተማ፣ ሕዋሷ በሌላ ከተማ ተለያይተው ኖረው፣ ከዘጠኝ አሥርት ዓመታት በኋላ ታሪካቸው እንደገና ተገናኘ።

ዛሬ አሚሎይድን ከአንጎል የሚጠርጉ መድኃኒቶች አሉ፤ ሌካኔማብ በ2023፣ ዶናኔማብ በ2024 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅደዋል። በሕመሙ መጀመሪያ ላይ ያሉትን ሰዎች ውድቀት ያዘገያሉ እንጂ አያቆሙትም፤ የጠፋውንም አይመልሱም። ውሉን ያገኘ እስካሁን የለም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማወቄ ምን ጠቀመኝ? አንድ ነገር ልበል። በ1991 ሃይኮ እና ኤቫ ብራክ የተባሉ ጀርመናውያን ባልና ሚስት ጥልፍልፉ የሚጓዝበትን መንገድ በስድስት ደረጃ ከፍለው አሳዩ። አዲስ ትዝታ በሚቀረጽበት ክፍል አካባቢ ይጀምራል፤ እጅን የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል የሚነካው በመጨረሻ ነው። እምዬ የልጅ ልጇን ባላወቀችበት ቀን እንዝርቷን አንሥታ ያለ አንዳች ስሕተት የፈተለችው ለዚህ ነው። እኔ ያን ጊዜ ችላ ያለችኝ መስሎኝ ነበር። ችላ አላለችኝም፤ የቀራትን ይዛ ነበር።

የእምዬን አንጎል ማንም በብር አልነከረውም፤ ማህደርም የላትም። አልዛይመር ለማያውቃት ሴት ያደረገውን እኔ ለአያቴ አላደረግሁላትም፤ ቃሏን አልጻፍሁም። ስለዚህ ዘግይቼም ቢሆን የማስታውሰውን ልመዝግብ። ያን ቀን ከጮኽሁባት በኋላ ጥቂት ፈተለችና ቀና ብላ «እህል ቀምሰዋል?» አለችኝ። አዎ ብዬ ዋሸኋት። «አይ፣ ከመንገድ ነው የመጡት» አለችና አክስቴን ጠርታ እንጀራ አስቀረበች። ማን እንደሆንሁ አላወቀችም፤ ከደጅ የመጣ ሰው ሳይበላ እንደማይሸኝ ግን ታውቅ ነበር። ሦስት ጊዜ አጎረሰችኝ። እጇም አልተንቀጠቀጠም።

እናንተም በቤታችሁ «እርስዎ ማን ነዎት?» የምትል እናት ወይም አያት ካለች፣ አትጩኹባት። ተቀመጡና የምትለውን ጻፉላት።

ቸር ይግጠመን።